ጀርባ የሰጡኝ ሰዎች

ፑንታ አሬናስ ነው አገሩ፣
የብስ የሚያልቅበት ድንበሩ።
ከግንብ እስከ ግንብ ገመድ ተወጥሮ፣
ሰው እሱን ጨብጦ ይሻገራል፣ አቀርቅሮ።
እዚህ ባርኔጣ የሚገዛ እንግዳ ብቻ ነው፤
ነዋሪውማ ስንቱን አሳዶ፣ ስንቱን ባሕር በላበት፣ ተወው።

በዚህ ከተማ ነው እንግዲህ፣
የሰባት ወር ልጄን ታቅፌ፣
የቦሪየስን መንገድ በገመዱ አልፌ፣
ለጡቴ መከለያ ፍለጋ የወጣሁት።

ባለሱቋ ዶኛ ኤዱቪሂስ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
አንዱን ዘረጋችው ከመደርደሪያው ነጥላ።
አንገቱ ላይ ሽቦ አለው፣ እንደ ቀለበት የዞረ፤
«አንቺ ቁልቁል ታዪዋለሽ፣ ከሌላው ዓይን ግን ተሰወረ።»
አጠለቅሁት። መስታወቱ ውስጥ ያየኋት ሴት
ድንኳን የተተከለባት ናት፤
ለቀስተኛ ብቻ ነው የቀራት።

ሁለተኛው ስስ ነው፣ ባለ አበባ፣
እጅ ላይ የሚሟሟ፣ ሲነኩት የሚያባባ።
ገና በሩን ገርበብ ሳደርገው ተነሣ፣
ፊቴን ሸፈነና ጡቴን ረሳ።

ሦስተኛው የበግ ሱፍ። እሱስ ጨዋ ነው፣ አይበርም፣ አይቀልም፤
ዳሊቦር ግን ከሥሩ ገብቶ እንደ ዳቦ ሲግል ዝም አላለም።

እኅቴ ሚሌንካ ብትሆን «ለምን ትሸፍኚዋለሽ?» ባይ ናት፤
በአደባባይ፣ በባንክ ሰልፍ፣ ሦስት አሳድጋለች በዚያው ጡት።
አማቴ ደግሞ «ሽንት ቤት ገብተሽ አጥቢው» ብላኛለች።
እኔ ምሳዬን እዚያ በልቼ አላውቅም፤ እሱን ስለምን ላስለምደው?
ከሁለቱ መኻል ነኝ። በጡቴ አላፍርም፤
ግን የኔ ነው፤ ለአላፊ አግዳሚ ዓይን ማረፊያ አላደርገውም።
ይህን ላስረዳ ስሞክር ቃል ያጥረኛል፤
ጨርቅ መግዛት ይቀለኛል።

አራተኛውን ወሰድሁ፤ ግራጫ፣ ስምንት ሺህ ፔሶ።
ዶኛ ኤዱቪሂስ የነፋሱን ነገር አስባ፣ አንገቷን ነቅንቃ፣
ከሟች ባሏ መረብ የተረፈ እርሳስ ከሣጥን አውጥታ
ጠርዙ ላይ ሰፋችልኝ፤ ድቡልቡል፣ ዐሥራ ሁለት ፍሬ።
«አሁን ይምጣና ይሞክርሽ» አለች፣ ነፋሱን እንደ ሰፈር ጎረምሳ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ፖርቬኒር ልንሻገር ጀልባ እንጠብቃለን፤
አባቱ እዚያ ነው፣ ሸርጣን ፋብሪካ፣ ወሩ ሳይሞላ አይመጣም።
ዳሊቦር ጮኸ። ሸፈንሁት። ጠባ።
አንድ ጥርስ አለችው፤ ነከሰኝ።
«የእናት ጡት ነካሽ የሚባለው እንዲህ ነው ለካ» ብዬ
ብድግ ስል፣ ነፋሱ መጣ ከነጓዙ፣
ጨርቄን ነጠቀኝ፣ ከነእርሳሱ ከነጠርዙ።

ራቁቴን ቀረሁ። ጡቴ በብርድ፣ ልጄ በጡቴ።
ቀና አልሁ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ፊቱን አዞረ ከፊቴ።
ባለ ከባድ መኪናው፣ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሽማግሌ፣
አንድ ባንድ ጀርባ ሰጡኝ።
ክው አልሁ። ይህን ያህል አስጠላኋቸው?
ዕንባዬ መጣ፤ እልህም። ሚሌንካ ትዝ አለችኝ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ።
አልቆመም፤ ባሕሩ ይጮኻል፣ ገመዱ ያፏጫል፤
እኔ ጋ ግን የለም።
ጀርባቸው ተጠጋግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣
ግማሽ ክብ ሠርቶ ከብቦኛል ቆሞ፤
የተቀደደ ካፖርት፣ ቦርሳ ያዘለ ጀርባ፣ የናፍጣ ሽታ፣
ማንም ሳይነጋገር፣ ማንም ሳይመካከር ላፍታ።
ሽማግሌው ሳይዞር «ቀስ ብሎ ይጥባ፤ ጀልባው የትም አይሄድ» አለ።

ጀርባ ተሰጥቶኝ ያውቃል፤
እንዲህ ያለ ግን ገና ያን ዕለት።

አሁንም መከለያ እይዛለሁ፤ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።
የቀድሞው ግን እባሕሩ ሥር ነው፣ እርሳሱ ጎትቶ አስምጦት፤
አንዲት ዓይን አፋር ሸርጣን
ተከልላበት ይሆናል።